ለገና ላፕቶፕና ስልክ፦ በቴሌግራም ልግዛ ወይስ ራሴ አዲስ አበባ ልግባ?

የጠባሴዋ
ታኅሣሥ 7፣ 2018፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመት ገብቶ ሲቪል ምህንድስና ደርሶታል። እስካሁን የጓደኛውን ላፕቶፕ ሌሊት ሌሊት እየተዋሰ ነው የሚሠራው። ለገና ሲመጣ ልሰጠው አስቤአለሁ። እናታችን ደግሞ መሐል ሜዳ ናት። ያላት ቁልፍ ስልክ ድምፁ ሞቶ፣ ስንደውል ግማሹን ሰዓት «ኧ? ማን ልበል?» በማለት ነው የምንጨርሰው። ለሁለቱም ያለኝ 60 ሺህ ብር ነው፤ የእቁብ ብር ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚጨመር የለም።

አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ «የገና ልዩ ቅናሽ! ፓክድ ላፕቶፕ፣ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ራም፣ 256 ኤስኤስዲ፣ 29,500 ብር ብቻ፣ ክፍለ ሀገር በነፃ እንልካለን» የሚል አየሁ። ከ40 ሺህ በላይ ተከታይ አለው። ሻጩን ሳናግረው ሙሉውን ብር በቴሌብር ላኪ፣ ነገ ጠዋት ይጫንልሻል አለኝ። ሱቃችሁ የት ነው ስለው «መገናኛ» ብሎ ዝም። መገናኛ የት? መልስ የለም። ዋጋው ልቤን ወስዶታል፣ ሆዴ ግን ፈርቷል። ምን ትሉኛላችሁ?

ብርዳሙ
ታኅሣሥ 7፣ ከምሽቱ 2፡19

አትላኪ።

የሮቢት ልጅ
ታኅሣሥ 7፣ ከምሽቱ 2፡48

ብርዳሙ አጭር አድርጎ ጨረሰው፣ እኔ ላርዝመው። በእንቁጣጣሽ ለባለቤቴ ስልክ ብዬ 14 ሺህ ብር ላክሁ። ዕቃው መጣ፣ አልካድኩም። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ሄጄ ከአውቶቡስ ረዳት እጅ ተቀበልኩ። ካርቶኑ ያምራል፣ ስልኩ ይበራል፣ ጀርባው ላይ ሳምሰንግ ይላል፣ ውስጡም 256 ጊጋ ብሎ ይጽፋል። አንድ ወር ተጠቀመችበት። ከዚያ የልጃችንን የክርስትና ቪዲዮ ስትከፍት አይከፈትም። ፎቶውም ግማሹ ጥቁር ሆነ። ሠሪ ቤት ሳሳየው «ወንድሜ ይሄ ኮፒ ነው፤ እውነተኛ መያዣው 16 ጊጋ ነው፣ ሲሞላ በላዩ ላይ ይጽፍበታል» አለኝ። ስልኩስ ይቅር፤ የክርስትናው ቪዲዮ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ሻጩን ስደውልለት አገደኝ። ረዳቱን ምን ልበለው? እሱ የታሸገ ካርቶን ነው የተቀበለው። ቻናሉ ዛሬም አለ፣ ስሙን ብቻ ቀይሯል። በነገራችን ላይ ተከታይ ቁጥር አይግረምሽ፣ በብር የሚገዛ ነው። ይልቅ ቻናሉን ወደ ላይ ሄደሽ ሄደሽ የመጀመሪያውን ልጥፍ እዪ። የኔው፣ ኋላ ሳየው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የእግር ኳስ ውርርድ ቻናል ነበር።

ጠጋኝ
ታኅሣሥ 7፣ ከምሽቱ 4፡05

ደብረ ብርሃን ላይ ስልክና ላፕቶፕ እጠግናለሁ። እህቴ፣ ማስታወቂያው ውስጥ ሁለት ነገር አብሮ አይሄድም፦ «ፓክድ» የሚለውና 29,500 የሚለው። ያልተከፈተ አዲስ ኮር አይ ፋይቭ ላፕቶፕ ዘንድሮ በዚያ ዋጋ የሚሰጥሽ ካለ ወይ ዘመድሽ ነው ወይ ሌባ ነው። እንደገና ታሽጎ የመጣ ያገለገለ ሊሆን ይችላል። ያገለገለ ደግሞ ነውር አይደለም፤ ያገለገለ መሆኑን አውቀሽ በልኩ መክፈል ነው።

«ኮር አይ ፋይቭ» የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ስም ነው፤ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። የ10 ዓመቱም የዘንድሮውም ኮር አይ ፋይቭ ይባላል። ትውልዱን ጠይቂ። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4፣ 2018 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ለዚህ ነው በዓለም ዙሪያ መሥሪያ ቤቶች ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ላፕቶፖችን እየጣሉ ያሉት። የተጣሉት የት ይመስልሻል የሚመጡት? እዚህ «የገና ቅናሽ» ተብለው ይሸጣሉ። በግድ ዊንዶውስ 11 የጫኑባቸውም አሉ፣ እያየሁ ነው። ሻጩ የሞዴሉን ቁጥር ይላክልሽ። ከፕሮሰሰሩ ስም በኋላ ያለው አራት አኃዝ በ8 ከጀመረ ስምንተኛ ትውልድ ነው፣ በ6 ከጀመረ ተይው።

ልጁ አውቶካድ (የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም) ስለሚከፍት 8 ራም ለመጀመሪያ ይበቃዋል፣ ግን ራሙ የሚጨመርበት ሞዴል ይሁን። አንዳንዱ ቀጭን ላፕቶፕ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ያምራል፣ ነገ ግን እኔም አልረዳችሁም።

ባትሪውን በቃል አትመኚ። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፦ ሲሠራ ስንት ይይዝ እንደነበር፣ ዛሬ ስንት እንደሚይዝ። ከግማሽ በታች የወረደ ከሆነ ሌላ ባትሪ መግዣም አስቢ። ስልክ ከሆነ ደግሞ *#06# ደውለሽ የሚወጣውን 15 አኃዝ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክሪ። ካልገጠመ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው።

አንድ የኛ አገር ነገር ልጨምር። በዚህ ወር ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ቻርጅ መደረግ አይወድም፣ ውስጡ ይጎዳል። ሌሊት በመኪና ሲንቀጠቀጥ የመጣ ላፕቶፕ ወዲያው አትሰኩት፣ ቤት ገብቶ ሙቀቱን ይላመድ። መሐል ሜዳ ላሉት እናትሽም ስልኩን መስኮት ላይ አድርገው ቻርጅ እንዳያደርጉ ንገሪያቸው፤ ከባናው፣ ከሱፍ ብርድ ልብሱ፣ ሥር ይዘውት ይደሩ። ባናው ለሰውም ለባትሪም ነው።

ሙክት አለኝ
ታኅሣሥ 8፣ ከጠዋቱ 1፡30

የመንዝ ሙክት ለገና የሚፈልግ በውስጥ መስመር ያናግረኝ። ፎቶ አለ።

ብርዳሙ
ታኅሣሥ 8፣ ከጠዋቱ 1፡41

ወንድሜ ክሩ ስለ ላፕቶፕ ነው። ቢሆንም ስንተኛ ትውልድ ነው?

ሙክት አለኝ
ታኅሣሥ 8፣ ከጠዋቱ 1፡44

ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ራሙ ራሱ ነው፣ መጨመር አያስፈልገውም። ሙሉ ብር ቅድሚያ አልልም፣ ጀርባውን ዳስሳችሁ ነው የምትከፍሉት።

መምህር ከአንኮበር
ታኅሣሥ 8፣ ከቀኑ 6፡20

ልጆች፣ ይሄ የገና ስጦታ የሚሉት ነገር ከየት መጣ? እኛ ገና ስንል የምናውቀው ጾሙን መፍታት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ ከዚያ ሜዳ ወጥቶ ሩር መለጋት ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ የወረዳው ሹም ቅልጥም ላይ በትር ያረፈበትን ቀን አስታውሳለሁ። አሁን ልጁ ሁሉ አንገቱን ስልክ ላይ ደፍቶ ሩሩን የሚለጋው ጠፋ። ለወንድምሽ የምትገዢው የትምህርት መሣሪያ ነው፣ አልቃወምም፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ። ግን በበዓል ሰሞን ለምን ትገዢያለሽ? ዋጋ የሚወደድበትም ሰው የሚታለልበትም ያው ሰሞን ነው። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው።

የጠባሴዋ
ታኅሣሥ 8፣ ከቀኑ 7፡02

መምህሬ፣ እውነትዎን ነው። ግን ልጁ ዕረፍት የሚያገኘውና እቤት የሚመጣው ያኔ ነው፤ እቁቡም የወጣልኝ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ሩሩንም አልረሳነውም፤ ባለፈው ዓመት ሲለጋ ጥርሱ ተሸርፏል።

ዳላስ ያለሁ
ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 5፡50

የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፣ አሜሪካ 11 ዓመቴ። በየዓመቱ «ብላክ ፍራይዴ ላይ ግዛልን» የሚል መልእክት ይጎርፍልኛል። እሱ ዘንድሮ ኅዳር 19 ነበር፤ የቻይናዎቹ የ11/11 ሽያጭ ደግሞ ኅዳር 2። ሁለቱም አልፈዋል። አሁን ከቻይና በፖስታ ብታዢ ለገና አይደርስም፤ ለጥምቀትም ቃል አልገባልሽም።

ግን ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የኛ ገና ከፈረንጆቹ 13 ቀን ይዘገያል። እነሱ ታኅሣሥ 16 ካከበሩ በኋላ ሱቁ የተረፈውን ይቀንሳል፣ በዚያው ሰሞን ነው እኛም ለገናና ለጥምቀት ወደ አገር የምንገባው። የሚመጣ ዘመድ ካለሽ እሷን ሳምንት ተጠቀሚባት። ዘንድሮ እኔ አልመጣም እንጂ ይዤልሽ በመጣሁ።

ከዚህ የሚመጣ ዕቃ ላይ ግን ሦስት ጊዜ ተቃጥያለሁ፣ አንዴ በእውነት ተቃጥሎ። ለእህቴ የፀጉር ማድረቂያ ገዝቼ ላክሁ። የዚህ አገር መብራት 120 ቮልት፣ የኛ 220። ሰክታ አንድ ደቂቃ አልቆየም፣ ቤቱ በጭስ ተሞላ። ላፕቶፕና ስልክ አያሳስብም፤ ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት ይላል፣ የሚያስፈልገው ክብ እግር ያለው ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። ሙቀት የሚሰጥ ነገር ሁሉ ግን፣ ካውያም ሆነ ማንቆርቆሪያ፣ ከዚህ አይላክ።

ሁለተኛው አይፎን ነበር። በፈረንጆቹ 2022 ከወጣው አይፎን 14 ጀምሮ አሜሪካ የሚሸጠው ሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፣ ኢሲም፣ ማለትም ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም፣ ብቻ ነው የሚቀበለው። ወንድሜ ሲሙን ይዞ ስልኩን እያገላበጠ ቀዳዳ ሲፈልግ ዋለ። ሦስተኛው በርካሽ ያገኘሁት ሳምሰንግ ነው። ለካ በአንድ የቴሌኮም ድርጅት የተቆለፈ ነው፣ የሌላ ሲም አይቀበልም። «አንሎክድ» የሚል ካልተጻፈበት አትግዙ።

ፓወር ባንክ የሚያመጡ ሰዎችም ልብ ይበሉ፣ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 20 ሺህ ሚሊአምፔሩ 74 ስለሚመጣ ያልፋል።

ጠጋኝ
ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 6፡10

@ዳላስ ያለሁ እናንተ በ20 ሺህ ትጨነቃላችሁ፣ እዚህ «100 ሺህ ሚሊአምፔር» የተጻፈበት በመዳፍ የሚያዝ ፓወር ባንክ ይሸጣል። አንዱን ከፍቼዋለሁ። አንድ ባትሪ፣ ከጎኑ አሸዋ የሞላበት ቱቦ። ክብደት እንዲኖረው ነው። 2 ቴራ የሚል የ600 ብር ፍላሽም ያው የሮቢቱ ልጅ ስልክ ወንድም ነው።

ሱቅ ያለኝ
ታኅሣሥ 9፣ ከጠዋቱ 4፡25

ሁላችሁም ሻጩን ነው የምትረግሙት፣ እስቲ እኔም ልናገር። አዲስ አበባ ሱቅ አለኝ፣ በቴሌግራምም እሸጣለሁ። ቅድሚያ ብር የምንጠይቀው ስለተቃጠልን ነው። «ደርሶኝ ልክፈል» ብሎ ያዘዘ ሰው ዕቃው ደሴ ሲደርስ ስልኩን ያጠፋል። የመልሱን ማን ይከፍላል? በፎቶ የተቀነባበረ የክፍያ ስክሪንሹት ልኮ ዕቃ ወስዶብኝ የጠፋም አለ። ከዚያ ወዲህ ስክሪንሹት አላምንም፣ ብሩ እኔው ሒሳብ ላይ ሲገባ ነው።

ስለ ዋጋም እንናገር ከተባለ፣ ብር ሐምሌ 22፣ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ያኔ 30 ሺህ የነበረ ላፕቶፕ ዛሬ በ30 ሺህ አይገኝም። ቅናሽ የሚባለውንም አውቀዋለሁ፣ ጎረቤቶቼ ያደርጉታል፦ የነቢያት ጾም ሲገባ 6 ሺህ ይጨምሩና ታኅሣሥ ላይ 5 ሺህ ይሰርዛሉ። ሰው የተሰረዘውን ቁጥር ነው የሚያየው።

እህቴ፣ ጨዋ ሻጭ እንዲህ ብለሽ ፈትኚ። የዛሬን ቀንና ያንቺን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ላፕቶፑ አጠገብ አድርጎ፣ አብርቶ በቪዲዮ ይላክልሽ። ከኢንተርኔት የለቀመው ፎቶ ከሆነ እዚያው ይቆማል። ከዚያ የሱቁን ቁጥርና ፎቅ፣ የዕቃው መለያ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ጠይቂ። እኔ በበኩሌ ጥቂት ቀብድ ተቀብዬ ቀሪውን ሰዋቸው መጥቶ አይቶ እንዲከፍል ነው የምነግራቸው። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው የሸዋ ሰው መቼም አላየሁም።

ደረሰኝ ያዥ
ታኅሣሥ 9፣ ከቀኑ 9፡15

ደረሰኙን አቅልላችሁ አትዩት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይህን አያጠፋውም። ግን ማንን ነው የምትጠይቂው? ስሙን የማታውቂውን ቻናል? ሕጉ የሚይዘው አድራሻ ያለውን ሰው ነው። 15 ቀኑንም ቁጠሪ፦ ታኅሣሥ 12 ገዝተሽ፣ ለገና ብለሽ ካርቶኑን ሳትከፍቺ ሳጥን ውስጥ ካስቀመጥሽው፣ ልጁ በ29 ሲከፍተው ቀኑ አልፏል። በኔ የደረሰ ነው። ዘንድሮ ስጦታ ገዝቼ መጀመሪያ ራሴ ነኝ የምከፍተው፣ ይቅርታ ለደስታው።

የጠባሴዋ
ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 1፡30

ሱቅ ያለህ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያልከውን ቪዲዮ ያንን ቻናል ጠየቅሁት። «እህት፣ ካላመንሽን ሌላ ቦታ ግዢ፣ ዕቃው እያለቀ ነው» ብሎኝ አገደኝ። 29,500 ብሬ እቤቷ ናት።

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ የታክሲ ሹፌር ነው። ቅዳሜ ሱቅ ለሱቅ እንዲዞርልኝ ጠይቄዋለሁ። ስለ ኮምፒውተር ግን የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው። ጠጋኝ፣ ምን ብዬ ልላከው?

ጠጋኝ
ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 2፡00

ሱቁ ውስጥ ሆኖ በቪዲዮ ይደውልልኝ። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። እኔ አዘዋለሁ፦ እዚህ ተጫን፣ እዚያ አሳየኝ። ሻጩ ካልፈቀደ ይውጣ።

ለእናትሽ ስልክ ግን አዲስ አበባ ድረስ አትሂጂ። በጣት የሚነካ (ተች) ስልክም አትግዢላቸው፤ በአንድ ቀን ባትሪ የሚጨርስ ነገር መብራት ሲጠፋ ምን ይሠራላቸዋል? ድምፁ ጎላ ያለ፣ ባትሪው ቀናት የሚቆይ፣ ራዲዮና መብራት ያለው ባለሁለት ሲም ቁልፍ ስልክ እዚሁ ከተማችን ሱቆች ሞልቷል። በጆሮሽ አድምጠሽ ግዢ።

መምህር ከአንኮበር
ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 2፡22

ይሄኛው ምክር ጥሩ ነው። ባለራዲዮው።

የጠባሴዋ
ጥር 1፣ 2018፣ ከምሽቱ 1፡10

እንኳን አደረሳችሁ! የሆነውን ልንገራችሁ፣ እዳ አለብኝ።

የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ አራት ሱቅ ዞረ። የመጀመሪያው ቪዲዮ ስልክ ሲያይ «ቀረጻ ክልክል ነው» አለ። ሁለተኛው ጋ ስምንተኛ ትውልድ የተባለው ሲከፈት ስድስተኛ ሆኖ ተገኘ። ሻጩም «ለካ ተሳስቼ ነው» አለ፣ ሳያፍር። ሦስተኛው ተስማምቶን ባትሪው ግማሽ እንኳን አልነበረም። አራተኛው ጋ ያገለገለ፣ ስምንተኛ ትውልድ፣ 8 ራም ከአንድ ባዶ ማስገቢያ ጋር፣ በ41 ሺህ ከደረሰኝ ጋር። ጠጋኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ደምበኛውን አቁሞ ነው በስልክ ሲያዝ የዋለው፤ ብር ልላክልህ ስለው «ለገና ጠላ ትጠሪኛለሽ» አለኝ።

ሰኞ ላምበረት መናኸሪያ ወስዶ ለሚያውቀው ሹፌር ሰጠልኝ፣ የታርጋውን ፎቶ ላከልኝ፣ ከሰዓት በኋላ እኔው ተቀበልኩ። አልሰካሁትም! ባና ባይኖረኝ በብርድ ልብስ ሸፍኜ አሳደርኩት። ጠዋት ወንድሜ ሳይመጣ ከፍቼ ሁሉንም ሞከርኩ።

የእናቴን እዚሁ በ2,800 ገዛሁ። በገና ማግስት ይዤላት መሐል ሜዳ ሄድኩ። ስታበራው መጀመሪያ ያለችው «ስንት በግ ወጣበት?» ነው። ጥቂት ነው አልኳት። ላፕቶፑንስ ስትለኝ ዝም አልኩ። ራዲዮውን ከፍታ ጆሮዋ ላይ ለጥፋው ስትዞር ዋለች፤ እኔ ልጠይቃት የመጣሁት ልጅ ብቻዬን ቡና ጠጣሁ። ማታ ደግሞ ወንድሜ ሲደውልላት ራዲዮው ተቋረጠ ብላ ተቆጣችው።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ልጁ አውቶካድ ሲከፍት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ታቹም ይግላል። ጠጋኝ፣ ተታለልን እንዴ?

ጠጋኝ
ጥር 1፣ ከምሽቱ 1፡35

አልተታለላችሁም። ስንት ዓመት አቧራ በልቷል፣ የፕሮሰሰሩም ፓስት፣ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ደርቆ ይሆናል። ጠርጌ ፓስቱን እቀይረዋለሁ፣ ያ ብቻ ነው። እስከዚያ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ እንዳይሠራበት፣ ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

የጠባሴዋ
ጥር 1፣ ከምሽቱ 1፡37

ብርድ ልብስ ላይ ነው የሚሠራው። አንተ ነህ ሸፍኚው ያልከኝ!

ጠጋኝ
ጥር 1፣ ከምሽቱ 1፡40

ሲጠፋ ነበር ያልኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዛችሁት ኑ፣ ጠላውንም።

ሙክት አለኝ
ጥር 2፣ ከጠዋቱ 1፡15

ለጥምቀት የቀሩ ሁለት ሙክቶች አሉ። ቪዲዮ ከፈለጋችሁ ስማችሁን ጽፌ አንገቱ ላይ አንጠልጥዬ እልካለሁ።